ኮዴይንና የእኛ ሰው

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይት ኦክ በሚባለው ሰፈር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። አንድ መድኃኒት ጉዳት ማድረሱ ሲታወቅ ማስጠንቀቂያው የሚወጣው ከዚሁ ነው። በዚሁ ከተማና ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ በአሌክሳንድርያ ወገናችን ቤት ሠርቶ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ልጅ እያሳደገ ይኖራል። ሆኖም መሥሪያ ቤቱ ስለ እኛ የጻፈውን ከእኛ መካከል ያነበበው እጅግ ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮዴይን ለሕመምና ለሳል የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን፣ ሕመም የሚያስታግሠው በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን እየተለወጠ ነው። ለዋጩ ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 የተባለ ኤንዛይም ነው። ይህን ኤንዛይም የሚያዘው ዘረ መል በአንዳንድ ሰው ላይ ተደራርቦ ስለሚገኝ፣ እንዲህ ያለው ሰው በልክ የተሰጠውን ኮዴይን በፍጥነት ከልክ ያለፈ ሞርፊን ያደርገዋል። በዚህም ትንፋሽ ይዳከማል፤ በሕፃናት ላይ እስከ ሞት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ በስዊድን አገር ከባልደረቦቻቸው ጋር 122 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ባወጡት ጥናት፣ ከመቶው 29 ያህሉ ዘረ መሉ የተደራረበባቸው ሆነው ተገኙ።

የዋይት ኦኩ መሥሪያ ቤት በ2013 ቶንሲላቸው ለሚወጣ ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ ሲያስጠነቅቅ ይህንኑ ቁጥር በሰንጠረዥ አስፍሮታል፤ ለኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ፣ ለጥቁር አሜሪካውያን ከ7 በታች። እንግዲህ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ሐኪም ቤት ስትሄድ በምትሞላው ቅጽ ላይ ያለው «ጥቁር» የሚል ሣጥን ነው። በዚያች ሣጥን ውስጥ 29ኙ ይጠፋል። በሱስ የተጎዱትና የሞቱት ሲቆጠሩም በአብዛኛው የምንገባው በዚያው ዓምድ ነው። እኛ ደግሞ ሱስን እንደ ነውር ሸፍነን እንቀብራለንና ለመቆጠርም አንመችም።

በአገር ቤት የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን በ2015 ኮዴይንን ከለከለ። አሜሪካ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በጠቅላላው እንዳይሰጥ የወሰነችው በ2017 ነውና በዚህ ቀድመናል፤ ልንኮራበትም ይገባል። ነገር ግን ከጥናቱ እስከ ውሳኔው 19 ዓመት አልፏል! ምሁሩ ያገኘው እውነት ከመጽሔት ወደ ሕዝብ ለመድረስ አንድ ትውልድ ሊፈጅ አይገባውም ነበር። ክልከላውንም ቢሆን ዛሬ የሚያፈርሰው የገዛ ደግነታችን ነው። ከዚህ የተረፈ የሕመም ክኒን «ለእማማ ጉልበት» እየተባለ በሻንጣ ይላካል፤ ኮዴይን ይኑርበት አይኑርበት ማን ያያል?

ይህን ስንል የታመመ ሰው በሐኪም የታዘዘለትን ይጣል ማለታችን አይደለም። ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ኢትዮጵያዊ መሆኑንም ይንገር ነው የምንለው። 122 ሰው መላው ኢትዮጵያ እንዳልሆነም እናውቃለን። የሶማሌው፣ የጋምቤላው፣ የወላይታው ድርሻ ስንት ይሆን? በዚሁ ኤንዛይም የሚለወጠው ትራማዶልስ በአገር ቤት ሲሰጥ ያመጣውን ጉዳት ማን እየመዘገበ ነው? በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲዎች ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ብታጡ ይኸው።

በዋሽንግተን ዙሪያ የምንገኝ ግን ጥናት እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። አሜሪካ መድኃኒት የጎዳው ሰው ራሱ የሚያመለክትበት ሜድዋች የሚባል መዝገብ አላት፤ እንግሊዝኛ ለማይችሉት ቅጹን አብረን እንሙላ። ስለ ኮዴይንና ስለ ትራማዶል በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ አንድ ገጽ ተጽፎ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየእድሩ ይታደል። ለማርቀቅ ፈቃደኛ የሆናችሁ የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎች ለዝግጅት ክፍላችን ጻፉ።