ዜማው ሲለወጥ ባለቤቱ አይረሳ

የቆዩ ዜማዎች በኤሌክትሮኒክ ምት «ሪሚክስ» እየሆኑ በየጭፈራው ሲሰሙ፣ ከመካከላችን «ባህል ተበላሸ!» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዜማ ልብሱን ሲለውጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ጀግና በአፉ ያሰማው የነበረውን ሽለላ ወደ ሳክስፎን ሲያሸጋግረው ሽለላው ሞተን? ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2006 «ዘ ኤክስ» ከተባለው የሆላንድ የፓንክ ቡድን ጋር «ሞአ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ፣ ዜማው በኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸት መካከል ሌላ ጉልበት አገኘ እንጂ አልጠፋም።

እንግዲህ መከራከር የሚገባን ስለ ለውጡ ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ለዘፈናቸው መሠረት አድርገውታል። በዚያ ዘፈን እየጨፈረ ሙላቱን የማያውቅ ተማሪ ቢገኝ ጥፋቱ የሪሚክሱ ነውን? አይደለም፤ ሳይጠይቅ የሚጨፍረው የእኛው ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ቢሆን የሥራ አመንጪው በስሙ የመታወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ስለዚህ የጭፈራ ምሽት የምታዘጋጁ ጓደኞቻችን ሆይ፤ ሪሚክሱን አሰሙን፣ እንጨፍራለን። ግን አስቀድማችሁ የባለዜማውን ስም ጥሩልን።