የልብ ሕመም፣ ደም ማቅጠኛና ጥልቅ ውሃ



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ለደጋ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል። በግምጃ ቤት ተቀምጦ ስለ ውሃ ጥልቀት ማውራት ምን ይረባል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በዚያው በአዊ ምድር የዘንገና ሐይቅ አለ። ከአገራችን ተነስተው ለሥራ ወደ ጅዳና ወደ ጂቡቲ የሚሄዱ ወጣቶችም ብዙ ናቸው፤ በእነዚያ ዳርቻዎች የአየር ጋን አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ የታወቀ መዝናኛ ነው። በሌላ በኩል የልብ ቫልቭ ሕመም በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ያጠቃል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ቤተሰብ ይጨነቃል፦ ልቡን የታመመና ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ልጃችን ውሃ ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። ለመዋኘትም ሆነ ለመጥለቅ ተብሎ መድኃኒቱን «ለጥቂት ቀን ብቻ» ማቋረጥ ራሱን የቻለ ከባድ አደጋ ነው። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ አይረሳ።

ሕመሙና መድኃኒቱ

በልጅነት የሚይዝ አንዳንድ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ በፔኒሲሊን ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ የልብ ቫልቭ ግን ጠባሳ ይዞ ይቀራል፤ ይጠባል ወይም በደንብ መግጠም ያቅተዋል። ቀድሞ ለቀዶ ሕክምናው ውጭ አገር መሄድ ግድ ይል ነበር። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን በአገር ውስጥም ተስፋ ተገኝቷል፤ አልሐምዱሊላህ።

ቫልቩ በብረት ቫልቭ የተተካለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳል። ካልወሰደ በብረቱ ላይ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ቫልቩን ሊዘጋው፣ ወይም ወደ አንጎል ሄዶ ግማሽ አካልን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።

ዋርፋሪን የተገኘው ከከብቶች ሞት በመነሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች በትንሽ ቁስል እየደሙ ያልቁ ነበር። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያጠኑ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አገኙ። ከዚያ የተሠራው ዋርፋሪን መጀመሪያ የአይጥ መርዝ ሆኖ ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። ልኩ ሲጠበቅ ያድናል፤ ልኩ ሲያልፍ ይገድላል። ልኩን የሚያሳየው አይ ኤን አር የተባለው የደም ምርመራ ነው። መድኃኒት በማይወስድ ጤናማ ሰው 1 ገደማ ነው። ለብዙ ሕሙማን ከ2 እስከ 3፣ ከልብ ግራ ክፍሎች መካከል ባለው በር ላይ ብረት ቫልቭ ላላቸው ብዙ ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል።

ውሃው ምን ያደርጋል?

ሰው እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከእግሩና ከሆዱ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ ደረቱ ይሸሻል። ጤናማ ልብ ይችለዋል። ቫልቩ የጠበበ ወይም የደከመ ልብ ግን ደሙን ማሳለፍ ሲያቅተው ሳንባ ውሃ ይሞላል፤ ሰውየው ትንፋሹ ያጥረዋል። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ጫናው ይብሳል።

ቀጥሎ ግፊት አለ። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። ጆሮና የፊት አጥንት ክፍተቶች ግፊቱን ማመጣጠን ካልቻሉ ውስጣቸው ይደማል። ለሌላው ሰው ትንሽ መድማት የሆነው ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ቶሎ አይቆምም። በፍጥነት ወደ ላይ መውጣት ደግሞ ሳንባን ሊጎዳና በደም ውስጥ የአየር አረፋ ሊፈጥር ይችላል።

ዘንገና ሌላም ነገር ይጨምራል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ነው፤ ዳሩም ቶሎ ይጠልቃል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ለባሕር የተዘጋጀው የመጥለቂያ ሰንጠረዥ እንዳለ አይሠራም። በጅዳ ጠልቆ በዚያው ቀን አውሮፕላን የሚሳፈር ወይም ወደ ጣኢፍ ተራራ የሚወጣ ሰውም ተመሳሳይ አደጋ አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። ይህ ለጤነኛም ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው «ደም ማቅጠኛውን ለምን ትወስዳለህ?» ብሎ ነው። እግሩ ላይ ደም ረግቶበት የታከመና ልቡ ጤናማ የሆነ ሰው፣ አይ ኤን አሩ የተረጋጋ ከሆነ፣ በመስኩ ሐኪም ተመርምሮ ጥልቀት ሳያበዛ ሊፈቀድለት ይችላል። ብረት ቫልቭ ላለው፣ ቫልቩ ለጠበበ፣ የልብ ምቱ ለተዛባ ወይም ልቡ ለደከመ ሰው ግን በአየር ጋን መጥለቅ አይመከርም። ይህን በሽታውን ደብቆ መሸሽ አይገባም። የጠላቂ አሠልጣኞች የሚያስሞሉት የጤና ቅጽ ላይ እውነቱ ይጻፍ፤ ጓደኛውንም ለአደጋ ያጋልጣልና።

መጥለቅ ተከለከለ ማለት ግን ሕይወት ተዘጋ ማለት አይደለም። ሐኪሙ ልቡን መርምሮ ከፈቀደለት፣ ጥልቀት በሌለውና ለብ ባለ ውሃ፣ ከሚያውቀው ሰው ጋር፣ ሳይሽቀዳደም መዋኘት ይችላል። ከድንጋይ ላይ ዘሎ መግባት ግን ይቅር። በአዊ ፈረስ መጋለብም እንዲሁ ነው፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ ምንም ባይሰማው እንኳ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

መድኃኒቱን ሦስት ቀን ያቋረጠ ሰው በአራተኛው ቀን ቢጀምር ወዲያው አይጠበቅም። ክኒኑ እንደገና ልኩን እስኪይዝ ቀናት ይወስዳል፤ ደም የሚረጋው በዚህ መሐል ነው። ከውጭ አገር ዘመድ «ምርመራ አያስፈልገውም» ብሎ የሚልከውን አዲስ ደም ማቅጠኛ በራስ ፈቃድ መቀየርም እንዲሁ ነው። አዲሶቹ ክኒኖች ለብረት ቫልቭ አይሆኑም። በጉሮሮ ሕመም ሰበብ በመጣ የልብ ሕመም ምታቸው በተዛባ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናትም ከአዲሶቹ አንዱ ከነዋርፋሪን ያነሰ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

በቤት ውስጥ ደግሞ እነዚህ ይታወሱ፦ ዋርፋሪን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይወሰድ። ጎመን አይከለከልም፤ የሚበላው መጠን ግን አንድ ሳምንት በዝቶ ሌላ ሳምንት አይጥፋ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ ፍላጂልና ባክትሪም ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰዱ። ዋግምት (ሒጃማ) ያለ ሐኪም ፈቃድ አይደረግ። ረመዳን ሲቃረብ ሐኪምን ማማከር ያስፈልጋል፤ የማታው ክኒን ከኢፍጣር በኋላ ሊወሰድ ይችላል፤ መጾም ይጎዳዋል ለተባለ በሽተኛ ግን ዲናችን የሰጠው ፈቃድ ግልጽ ነው።

እናቶችና አባቶች ሆይ! ልጃችሁን «በሽተኛ ነህ» እያላችሁ ከሰው አትለዩት፤ «ወጣት ነህ» ብላችሁም ክኒኑን ሲረሳ ዝም አትበሉ። ወጣቶችም ለጓደኞቻችሁ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ለማለት አትፈሩ፤ በአደጋ ጊዜ ሐኪሙ ቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው እሱን ነው። የመድኃኒቱ ስምና የመጨረሻው አይ ኤን አር የተጻፈበት ወረቀት ከኪሳችሁ አይለይ።

አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።