የሽማግሌው ቃል የቆሎ መጠቅለያ ሆነ!

ባለፈው ሰሞን መገናኛ ታክሲ ስጠብቅ ከአንዲት እናት ቆሎ ገዛሁ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ከጎናቸው ከተከመረው ወረቀት አንዱን ገነጠሉና ጠቅልለው ሞሉልኝ። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል ቆሎዬን ጨረስኩ። ወረቀቱን ልጥል ስል ግን ዓይኔን ፊደል ያዘው። መቼም የጋዜጠኛ ነገር ሆኖብኝ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አልጥልም። ገጽ 43 ይላል። ከላይ እንግሊዝኛ ነው። ከመሐል ደግሞ "መረጃ ሰጪ ቁጥር 7፣ ወንድ፣ ዕድሜ 72፣ ገበሬ" ይልና የአንድ ሽማግሌ ንግግር በአማርኛ ሰፍሯል። ሽማግሌው በአገራቸው ደም እንዴት እንደሚደርቅ ያስረዳሉ። ገዳዩ ምን ይዞ እንደሚቀርብ፣ ማን መሐል እንደሚገባ፣ ካሣው እንዴት እንደሚቆረጥ አንድ በአንድ ይዘረዝራሉ። ከዚያም "የሟች እናት በዚህ ጊዜ ከቤት ትወጣና…" ይሉና ገጹ ያልቃል።

የሟች እናት ከቤት ወጥታ ምን እንደምታደርግ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ገጽ 44 ለሌላ ሰው ቆሎ ተጠቅልሎበታል!

ነገሩ ለጊዜው ፈገግ ቢያሰኝም ውሎ አድሮ ያንገበግባል። ያ ገጽ የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት ነው። ልጁ (ወይም ልጅቷ) አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ አቀበት ወጥቶ፣ ሽማግሌውን "አባባ ይንገሩኝ" ብሎ ጠይቋል። ሽማግሌውም ሥራ ፈትተው፣ ምናልባትም ቡና አስፈልተው፣ ከአባታቸው የሰሙትን ነግረውታል። ልጁ ወደ ግቢው ተመለሰ፤ የሰማውን በእንግሊዝኛ አዋቅሮ አስጠረዘ፤ ማርኩን ተቀበለ፤ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ተነሳ። ሽማግሌውስ? ቃላቸው የት እንደደረሰ የሚነግራቸው ሰው የለም። እኔ ብነግራቸው ደግሞ ምን ብዬ ልንገራቸው? "አባባ፣ መገናኛ ላይ ሽምብራ ተሞልቶበት አገኘሁት" ልበላቸው?

ለመሆኑ ድሮም እንዲህ ነበርን? አልነበርንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ከጀርባቸው ሆነው ያበረታቷቸው የነበሩት የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ናቸው። ተማሪው ለዕረፍት ወደየአገሩ ሲሄድ የሠርጉን፣ የለቅሶውን፣ የእርሻውን፣ የዕርቁን ወግ ጽፎ ይመለሳል። ያ ጽሑፍ ደግሞ መደርደሪያ ላይ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማኅበሩ ያወጣው በነበረው መጽሔት እየታተመ ወጥቷል። ጥራቱም እ.ኤ.አ. በ2002 በዶክተር አሉላ ፓንክረስት አዘጋጅነት እንደገና እስኪታተም ድረስ ነበር። ልብ በሉ! የሃያ ዓመት ጎረምሶች ለክፍል ሥራ ያህል የጻፉት ነገር ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለተመራማሪ ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስድስት ኪሎ በሚገኘው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተቋቋመ። በዓመቱ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ አገር ወርዶ እንዲያገለግል ተደነገገ። የከተማው ልጅ የማያውቀውን አገርና የማያውቀውን ቋንቋ ያየው ያኔ ነው። በዚያው ዘመን መጨረሻ ላይ በአገሪቱ የቋንቋ ጥናት ሲካሄድ ገበያ ላይ ተቁሞ ሻጭና ገዢ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ተቆጥሯል። ከዚያ የተገኘው ነገር ዛሬም ያስደንቃል። ገበያው አንድ ቋንቋ ብቻ ይዞ አልተገኘም፤ ነጋዴው ብዙ ቋንቋ እየተናገረ ነው የሚገበያየው። ሚኒስትሮች በስብሰባ ያልፈቱትን ነገር ቅቤና በርበሬ ሻጯ በአንደበቷ ፈትታው ኖሯል!

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ተማሪውን ዕድገት በኅብረት ብሎ አዘመተ። ቀጥሎ የመጣው እስርና ግድያ የተማረውን ትውልድ ግማሽ መንገድ ላይ አስቀረው። ኢሕአዴግ ሲገባ ደግሞ በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ደብዳቤ ተባረሩ። ተማሪውን ይዞ "ይህን አጥና፣ ያን ተው" የሚለው አንጋፋ ሲባረር የሚተርፈው ምንድን ነው? ወንበሩ ነው።

ከዚያ ሕንፃው በዛ። በ1983 ዓ.ም. በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። የድሃ ልጅ በሩቅ አገር ዶርም አግኝቶ መማሩን የሚጠላ የለም። ግን በየግቢው በየዓመቱ የሚጠረዘው ጥናት ምን ሆነ? ማን አነበበው? ለማንስ ተመለሰ?

የእህቴን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ። ልጁ ክፍለ አገር በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረው። ዶርም ውስጥ ስድስት ነበሩ፤ ሦስቱ ኦሮምኛ፣ አንዱ ሲዳምኛ፣ አንዱ ትግርኛ፣ እሱ አማርኛ። ማታ ማታ ሲጫወቱ ቀልዱ በአንዱ ቋንቋ፣ ስድቡ በሌላው፣ ብድሩ በሦስተኛው ይሆናል። ልጁ ይህ ደስ አለውና "ተማሪዎች ዶርም ውስጥ በምን ቋንቋ ይግባባሉ?" ብሎ ሊያጠና ርዕስ አቀረበ። አማካሪ መምህሩ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? "ይሄ ፖለቲካ ነው። ብሔር የሚነካ ነገር አትንካ፤ ለእኔም ለአንተም አይበጅም።" በቃ!

ልጁ ምን አደረገ? ግቢው በር ላይ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ስለ ንባብ ክህሎት የተሠራ ያለቀ ጥናት በፍላሽ ገዛ። የትምህርት ቤቱን ስም ቀየረ፤ አስጠረዘ፤ ተመረቀ። ይህን ሲነግረኝ ተቆጣሁት። እሱ ግን ሳቅ ብሎ "ጋሼ፣ ማን ያነበዋል ብለው ነው?" አለኝ። መልስ አጣሁለት።

እኔ መምህሩን ብቻ አልወቅስም። የፈሩት ያስፈራ ነገር ስላለ ነው። ግን ጥያቄው እንዳይጠየቅ ተደርጎ ምን ተረፈ? በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። ግጭቱ ወደ ሌሎች ግቢዎችም ተዛመተ፤ ትምህርት ተቋረጠ፤ ብዙ ተማሪ ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ ወላጆቹ ሸሸ። "ብሔር የሚነካ ነገር አትንካ" ተብሎ ብዕር የተከለከለ ግቢ ዱላ አልተከለከለም። ተማሪው በእርሳስ እንዳያጠናው የተከለከለውን ነገር በድንጋይ እንዲወራወርበት ተተወለት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ቅጠሉ እኮ ያ ጥናት ነበር!

ይህን ከሜዳ ተነስቼ አይደለም የምለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች በግፍ ሲገደሉ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ተነሱ። የጋሞ አባቶች ርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ቆመ። በዚያ ቀን ፖሊስና ካድሬ የማይችለውን ሣር ቻለ። አገር ሁሉ ጉድ አለ፤ ባለሥልጣኑም በቴሌቪዥን ተደነቀ። ምን ያስደንቃል? የጋሞ ዱቡሻ፣ የኦሮሞ ጉማ፣ የአማራው ደም ማድረቅ በተማሪውም በተመራማሪውም ሲጠና ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ አገር በቀል ዳኝነት አንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ ታትሟል። እውቀቱ እያለ ያላየን እኛ ነን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው።

አራት ኪሎ ያሉት ባለ ጊዜዎች ግን ባህል ሲባል የሚታያቸው ዳንስ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 በመጣ ቁጥር ብሔር ብሔረሰቦች በስታዲየም ይሰለፋሉ፤ ላባው ይሰካል፤ ከበሮው ይመታል፤ ንግግር ይደረጋል። ኢሕአዴግ ሄደ፣ ብልፅግና መጣ፤ ከበሮው ያው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 2 እያንዳንዱ ሕዝብ በቋንቋው የመጻፍ፣ ባህሉን የማዳበርና ታሪኩን የመንከባከብ መብት አለው ይላል። እንግዲህ እጠይቃለሁ፦ በዓመት አንድ ቀን ማስጨፈር ነው መንከባከብ? ለአንድ ቀን ድግስ ከሚወጣው ገንዘብ ቅንጣቷ ስንት የተማሪ ጥናት ታሳትም ነበር?

ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም። ጋፋትኛ የሚባል ቋንቋ በአባይ ደቡብ ይነገር ነበር። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው አራት ተናጋሪ ብቻ ነው። የሚችለውን ያህል ጻፈ። ዛሬ ተናጋሪ የለም፤ ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ የምናውቀው ከዚህም ያነሰ ይሆን ነበር። በደቡብ ኦሞ ኦንጎታ የሚባለውን ቋንቋ የሚያውቁት ጥቂት አዛውንቶች ናቸው። እኛ "ርዕሱ ፖለቲካ ነው፣ አይደለም" ስንባባል ሽማግሌው ይሞታል፤ መዝገበ ቃላቱንም ይዞ ይቀበራል።

ሚዛን ላለመሳት ይህንንም ልበል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጥናቶችን በኢንተርኔት ማስነበብ ጀምሯል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። በአማርኛና በኦሮምኛ ትምህርት ክፍሎችም በቋንቋው የተጻፉ ጥናቶች አሉ። የድሮዎቹም የኢትኖሎጂ ማኅበር ልጆች የጻፉት በእንግሊዝኛ ነበር። ግን ዘመኑ ተለውጧል። የገበሬው ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ፊደል በቆጠረበት አገር የአባቱን ቃል በእንግሊዝኛ ቆልፎ ማስቀመጥ ምን ይባላል? ከሰው ቤት ዕቃ ተውሶ ሳይመልሱ መቅረት ነው። በእኛ አገር ወግ ይህ ነውር ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሰማይ የሚያስቧጥጥ ነገር አይደለም። አንደኛ፦ ተማሪ ያጠናውን ጥናት በሁለት ገጽ አሳጥሮ ባጠናው ሕዝብ ቋንቋ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ ለቀበሌው ትምህርት ቤት ይላክ። ሁለተኛ፦ አብሮ ስለ መኖርና ስለ ቋንቋ የሚነሳ ርዕስ "ፖለቲካ ነው" ተብሎ አይታፈን፤ ለፈራውም መምህር ከለላ ይሰጠው። ሦስተኛ፦ ተማሪው የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ያጥና። የጎጃሙ ልጅ ስለ ሲዳማ፣ የሲዳማው ስለ ወሎ ይጻፍ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ኮርስ ተመድቧል፤ ለፈተና ከሚሸመደድ ተማሪው አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ አንድ ሽማግሌ ቢጠይቅበት አይሻልም? አራተኛ፦ የዓመቱ ምርጥ ጥናቶች በርካሽ ዋጋ ታትመው ይሸጡ። በ1950ዎቹ ማኅበር የቻለውን ዛሬ ከ40 በላይ ዩኒቨርሲቲ አይችልም ብሎ የሚከራከር ካለ ይምጣ!

እኛ ጋዜጠኞችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። የባለሥልጣን ሹም ሽር ለማተም ገጽ አጥሮን አያውቅም፤ የተማሪ ጥናት ግን አስበነውም አናውቅ። ከዛሬ ጀምሮ ይህች ጋዜጣ ከምትችለው ገጽ አንድ ዓምድ ትሰጣለች። ተማሪዎች ጥናታችሁን ሰው በሚገባው አማርኛ አሳጥራችሁ አምጡ፤ እናወጣዋለን።

በመጨረሻም የዚያ ገጽ 43 ባለቤት ይህን የምታነብ ወይም የምታነቢ ከሆነ አደራ፣ ቀሪውን ይዘህ ወይም ይዘሽ ኑ። ደም በየቀኑ በሚፈስበት አገር የሟች እናት ከቤት ወጥታ ምን እንደምታደርግ ማወቅ ለሁላችንም ያስፈልገናል። ልብ ያለው ልብ ይበል!