አጎታችንና «ኤክሳፊ»

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ አጎታችን ነው።

አጎታችን ከጊምቢ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። በኩርሙክ በኩል ሱዳን ገባ፤ ከሱዳን ጅዳ ተሻገረ፤ እዚያም በሹፌርነት ኖረ። ሲሄድ ጎፈሬ ነበረው፤ ሲመለስ ጎፈሬው አልተመለሰም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት አረፋን ከእህቱ ጋር ሊያሳልፍ ሲመጣ፣ ከአዲስ አበባ ጀምሮ አብረነው ተጓዝን።

ባኮ ላይ መኪናችን ለምሳ ቆመ። አጎታችን በአንድ ሱቅ በር ላይ የተጻፈውን ትክ ብሎ አየና፣ «ይሄ ‹ኤክሳፊ› የምትሉት ምንድነው? መድኃኒት ነው?» ሲል ባለሱቁን ጠየቀ። ባለሱቁ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ኦቦ፣ ‹ጣፊ› ነው እኮ የሚለው፤ ጤፍ!» አለው። ጤፍ ሲያርምና ሲያጭድ ያደገ የገበሬ ልጅ፣ ጤፍን በስሟ ማወቅ አቃተው!

አትፍረዱበት። ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። ማንበብን የተማረው ግን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ያኔ ኦሮምኛ ይማሩ የነበረው በግዕዝ ፊደል ነበር። ቁቤ፣ ማለትም የላቲኑ ፊደል፣ እንዲሆን የተወሰነው በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ እሱ ከአገር ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። ላቲኑን ከጅዳ የመንገድ ምልክቶች ስለለቀመ፣ በቁቤ «ጠ» የሚባለውን «ኤክስ»፣ «ጨ» የሚባለውን «ሲ» እያለ ያነባል።

ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ነቀምቴ እንደገባን፣ ግድግዳ ላይ «ጨፌ ኦሮሚያ» የሚል ጽሑፍ አየ። «አልሐምዱሊላህ! ኦሮሚያ ካፌ እዚህ ነው፤ ቡና እንጠጣ» አለን። የክልሉ ምክር ቤት ስም መሆኑን ስንነግረው፣ «ታዲያ እነሱ ቡና አይጠጡም?» አለ ላለመሸነፍ።

ማታ አልጋ ስንይዝ ደግሞ መዝገቡ ላይ «ወለጋ ክፍለ ሀገር፣ ጊምቢ አውራጃ» ብሎ ጻፈ። መዝጋቢዋ ልጅ፣ «አባባ፣ ዞኑን ይንገሩኝ፤ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ቄለም ወይስ ሆሮ ጉዱሩ?» አለችው።

«አሶሳስ?»

«እሱማ ሌላ ክልል ነው፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ ነው።»

«እኔ ስሄድ አንዲት ወለጋ ነበረች፤ ማን ቆራረሳት?» ቢል ልጅቷ ሳቀች። ምዕራብ ወለጋ ብላ ሞላችለት።

በማግስቱ የዴዴሳን ሸለቆ ስናቋርጥ ጨዋታው ቀዘቀዘ። አጎታችን ጊምቢ እስክንደርስ አልተናገረም። እህቱ ቤት ቡና ከተጠጣ በኋላ ከቦርሳው በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጣ። በ1995 ዓ.ም. እናቱ፣ የኛ አያት፣ ያስጻፉለት ነው። በቁቤ የተጻፈ ስለሆነ ሁለት መስመር ሞክሮ ተወው። «የእናትህን ቋንቋ ማንበብ አትችልም? እንዳልባል ሰው መጠየቅ አፈርኩ። ገንዘብ ፈልጋ ይሆናል ብዬ እጥፍ አድርጌ ላክሁ» አለን።

የእህቱ ልጅ ደብዳቤውን ተቀብላ ስታየው ደነገጠች። ጽሕፈቱ የራሷ ነው። ያኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ እሷም እንደኛው አስተማሪ ናት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት። «ገንዘቡ ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥህ። ከእንግዲህ ገንዘብ አትላክ፤ ራስህ ና። ዓይኔ ሳይደክም ልይህ» ይላል።

አያታችን በ1997 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄደዋል። አጎታችን ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ አለቀሰ። የሚያጽናናው ቃል አጣን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አጎታችን ተማሪ ሆነ። በየማታው ደብተር ይዞ ከእህቱ ልጅ ፊት ይቀመጣል፤ ሲሳሳት ትቆጣዋለች። ወደ ጅዳ የተመለሰው ቁቤን አንብቦ ነው።

ከዚያ በኋላ በወለጋ የመጣውን መከራ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ፣ አጎታችን በየቀኑ እየደወለ ምላሽ ሲያጣ ሰነበተ። መስመሩ ሲከፈት በቁቤ የጻፈው የመጀመሪያ መልእክቱ፣ «ደኅና ናችሁ? ጣፊ አላችሁ?» የሚል ነበር። «ጣፊ»ን ሳይሳሳት በ«ኤክስ» ጀምሯታል። የእህቱ ልጅ፣ «ሁላችንም ደኅና ነን። አሥር ከአሥር» ብላ መለሰችለት።

ውድ አንባብያን፣ ከአገር የወጣ ሰው አገሩን ትቶ በሄደበት መልክ ይዟት ይኖራል። አገር ግን ቆማ አትጠብቅም፤ ስሟም፣ ወሰኗም፣ ፊደሏም ይለወጣል። በዚህ መናደድ ይቻላል፤ መሳቅም ይቻላል። ማፈር ግን ዋጋ ያስከፍላል። እኛ አስተማሪዎች ጥያቄ ያፈረ ተማሪ ምን እንደሚያጣ በየቀኑ እናያለን፤ በአጎታችን ያየነው ግን ከሁሉም ይከብዳል። እናንተ ወጣቶችም በቤታችሁ ያልተነበበ ወረቀት የያዘ አባት ወይም አያት ካለ፣ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ ቀርባችሁ አንብቡለት።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እንገናኛለን። ወሰላሙ ዓለይኩም።