ከባሕር ማዶ የመጣ ወረቀት በወረዳ ፍርድ ቤት

ከጅዳ የተላከ አንድ ገጽ ወረቀት በቴፒ ዙሪያ ለሚኖር የቡና አምራች ቤተሰብ ደረሰ እንበል። በዓረብኛ የተጻፈ የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ሟቹ የቡና መሬቱን ከባለቤቱ ጋር በአንድ የይዞታ ደብተር ያስመዘገበ፣ ልጆቹን ለማሳደግ ሲል ባሕር የተሻገረ አባወራ ነበር። የለቅሶው ድንኳን ከፈረሰ በኋላ ባለቤቱ ወረቀቱን ይዛ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ለመጠየቅ ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ትሄዳለች። የምታገኘው መልስ ግን «ሰነዱ አልተረጋገጠም» የሚል ይሆናል። ሞቱ እውነት ነው፤ ወረቀቱም ሐሰተኛ አይደለም። ሆኖም ወረቀቱ የተጓዘው በሰው እጅ እንጂ ሕግ በሚያውቀው መንገድ አይደለም።

ይህን መልስ የባለሥልጣን ክፋት አድርጎ መቁጠር ቀላል ነው። ነገር ግን የየኪ ወይም የማጂ ወረዳ ዳኛ የጅዳን ሆስፒታል ማኅተም አይቶ አያውቅም፤ የፈራሚውንም ሥልጣን ሊያውቅ አይችልም። ያለ ማረጋገጫ ቢቀበለው ነገ ሌላ ሰው በሕይወት ያለ ወንድሙን በወረቀት ገድሎ መሬቱን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ማረጋገጫ ያስፈልጋል ወይ የሚል አይደለም፤ አይቀሬውን ማረጋገጫ ከከተማ የራቀው ገበሬ እንዴት ሳይጎዳ ያገኘዋል የሚለው ነው።

ቆንስላ የሚለው ስም ለደቡብ ምዕራቡ ምድር እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ብሪታንያ በማጂ ቆንስል ነበራት። አርኖልድ ሆድሰን፣ ከእርሱም በኋላ ካፒቴን ዌሊ በዚህ ሥራ ላይ ተቀምጠዋል። ጉዳያቸው በዋናነት በብሪታንያ ሥር ከነበሩት ከኬንያና ከሱዳን ጋር የሚያዋስነው ድንበር ነበር። ያኔ ቆንስላው ወደ ማጂ የመጣው የውጭ መንግሥት ጥቅሙን ለማስጠበቅ ነው። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ ቆንስላ የሚያስፈልገው ልጁን ወደ ውጭ የላከው የማጂ፣ የሚዛንና የቴፒ ሰው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በቪየና የተፈረመው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነትም የሰነድ ማረጋገጥንና የክብር መዝገብ ሹምነትን፣ በውርስ ጉዳይም የዜጎችን ጥቅም ማስጠበቅን ከቆንስላ ተግባራት መካከል ይቆጥራል።

ሰነዱ የሚያልፍበት መንገድ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። በመጀመሪያ ወረቀቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ፊርማ በዚያው አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ቀጥሎ በዚያ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ የሚኒስቴሩን ማኅተም አይቶ የራሱን ያሳርፍበታል። ሰነዱ አገር ቤት ሲገባ ደግሞ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ አገልግሎት ክፍል የኤምባሲውን ማኅተም ያረጋግጣል። ውክልናን የመሳሰሉ ሰነዶች ከዚያ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 922/2008 ወደሚመራው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ይቀርባሉ። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአማርኛ መተርጎምም አለበት። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰነድ አንድ ደረጃ ይጨምራል፤ በመጀመሪያ በተሰጠበት ግዛት፣ ከዚያ በፌዴራሉ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻ በዋሽንግተኑ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይረጋገጣል።

ብዙ አገሮች ይህን ድካም የሚያሳጥሩበት መንገድ አላቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 በሄግ የተፈረመው የአፖስቲል ስምምነት በአባል አገሮቹ መካከል ረጅሙን ሰንሰለት በአንድ ማረጋገጫ ይተካዋል። ስምምነቱ በሳውዲ ዓረቢያ በ2015 ዓ.ም.፣ በካናዳ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. በሥራ ላይ ውሏል። ኢትዮጵያ ግን ከስምምነቱ ውጭ በመቆየቷ ዜጎቿ የለመዱት ረጅሙን መንገድ ነው። በዚህ የተነሣ የሳውዲ ወረቀት ወደ ሌላው አባል አገር በአንድ ማኅተም ሲሻገር፣ ወደ ቴፒ ሲመጣ ግን በየደጃፉ ይቆማል።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ማኅተሞቹ የሚመሰክሩት ነገር ምን እንደሆነ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም የኤምባሲው ማኅተም ትክክለኛ መሆኑን ይመሰክራል፤ የኤምባሲው ማኅተም ደግሞ የዚያኛውን አገር ሚኒስቴር ማኅተም። ማንኛቸውም በወረቀቱ ላይ ስሙ የተጻፈው ሟች የቴፒዋ እመቤት ባል መሆኑን አይናገሩም። ማኅተም ለማኅተም እንጂ ለሰው አይመሰክርም። ለሰው የሚመሰክረው ሰውየው በተወለደበት፣ ባገባበትና በኖረበት ቀበሌ ያለው መዝገብ ነው። ስለዚህ ሁሉም ማኅተሞች ተሟልተውም ጉዳዩ ሊቆም ይችላል። የሚቆመውም አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ነገሮች ምክንያት ነው፤ በስም፣ በቀንና በቦታ።

ስምን እንመልከት። ኢትዮጵያዊ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ሲጠራ ሌላው ዓለም የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። በዚህ ሳቢያ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፤ አንዳንዴም የአባት ስም ይዘለላል። «ፀ» ወይም «ጨ» ያለበት ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፍ በፓስፖርትና በሆስፒታል ወረቀት ላይ የሁለት ሰዎች ስም መስሎ ይታያል። ለሥራ ሲሉ በሌላ ስም ወይም በተጨመረ ዕድሜ የተጓዙ ወጣቶች ደግሞ ችግሩን ያከብዱታል። እንዲህ ያለው ሰው ባሕር ማዶ ሲሞት የሚሞተው በተበደረው ስም ነው፤ በቀበሌው መዝገብ ላይ ግን በእውነተኛ ስሙ በሕይወት እንዳለ ይቀራል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የልደት ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 ነው። ቅጽ የሚሞላው ሰው ዓመቱን ብቻ ለውጦ ወሩንና ቀኑን ሳያስተካክል ከተወ፣ ወይም ሁሉንም ሳይለውጥ ከጻፈ ሁለቱ ሰነዶች ይለያያሉ። በሳውዲ ዓረቢያ የሂጅራ አቆጣጠር ሲጨመር አንዱ ቀን በሦስት መልክ ይጻፋል።

ቦታው ደግሞ የዚህ አካባቢ ልዩ ፈተና ነው። የማጂ ሰው በጎልማሳነቱ ያወጣው ወረቀት የትውልድ ቦታውን «ካፋ ክፍለ ሀገር፣ ማጂ አውራጃ» ይላል። ልጁ ያወጣው «ደቡብ ክልል፣ ቤንች ማጂ ዞን» ይላል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ የተሰጠው ደግሞ ምዕራብ ኦሞ ዞንን ይጠቅሳል። ሚዛን ተፈሪም በመዝገብ ሚዛን አማን ሆናለች። ሰውየውም መንደሩም አልተንቀሳቀሱም፤ አስተዳደሩ ግን ሦስት ጊዜ ስሙን ለውጧል። ይህን የማያውቅ የውጭ አገር ጸሐፊ ሦስት የተለያዩ ሰዎችን ያይ ይሆናል።

ጉዳቱ የሚለካው በወረቀት ሳይሆን በመሬትና በምርት ነው። ወራሽነቷ ያልተረጋገጠላት እናት የይዞታ ደብተሩን በስሟና በልጆቿ ስም ለማዞር ትቸገራለች፤ የባሏን የባንክ ሒሳብም ማንቀሳቀስ አትችልም። የቡና ለቀማ ወቅት ግን የፍርድ ቤት ቀጠሮን አይጠብቅም። ባልየው በሕይወት ሳለ ለወንድሙ ውክልና ሰጥቶ ከነበረ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልናው ከሞቱ ጋር ይቀራል። ሞቱ እስኪረጋገጥ ድረስ መሬቱ ባለቤት እያለው ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ የድንበር ግፊትና የዘመድ ጠብም የሚጀምሩት በዚህ ክፍተት ነው።

ስለ ውክልና ገበሬው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልናን ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ይፈቅዳል። በቁጥር 2204 መሠረት ሰብል መሸጥ እንደ አስተዳደር ሥራ ይቆጠራል፤ ስለዚህ በጅዳ ያለው ሰው የሰጠው ጠቅላላ ውክልና የዓመቱን ቡና ለማስለቀምና ለመሸጥ ይበቃል። በሚዛን አማን ያለውን ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ግን በቁጥር 2205 መሠረት ያንን ተግባር ለይቶ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ በቆንስላ የተፈረመ ወረቀት ማኅተሙ ሁሉ ተሟልቶለት ለተፈለገው ሥራ ሳይውል ሊቀር ይችላል።

ሰንሰለቱ ጨርሶ የሚበጠስበት ጊዜም አለ። በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲቀሰቀስ የካርቱም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሥራቸው ተቋረጠ፤ መንግሥቱም መቀመጫውን ወደ ፖርት ሱዳን አዛወረ። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የሞተ ሰው የሞት ወረቀት ከማን ይጠየቃል? በስደት መንገድ ላይ ድምፁ የጠፋ ልጅስ? ለዚህ ሕጉ አንድ በር ትቶአል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። ተስፋ ያልቆረጠች እናት በዚህ በር መግባት ይከብዳታል፤ በሩ እንዳለ ማወቅ ግን መብቷ ነው።

መፍትሔው የሚጀምረው ከመንገደኛው ጉዞ በፊት ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል፤ ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ ይጠይቃል። ጋብቻውን በቀበሌ አስመዝግቦ፣ ስሙን በፓስፖርቱ ላይ ከተጻፈበት ፊደል ጋር አስተካክሎ፣ ቅጂውን ቤቱ ትቶ የሄደ ሰው ለቤተሰቡ ትልቅ ስንቅ ትቶለታል። አዋጁ በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኩነታቸውን በኢትዮጵያ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች እንዲያስመዘግቡም ይፈቅዳል። ቤተሰቡም የሞት ወረቀት ሲላክለት ላኪው በዚያው አገር ሳለ በቆንስላው እንዲያስረጋግጠው አስቀድሞ መንገር አለበት፤ ማኅተም ሳይኖረው ከመጣ ተመልሶ ባሕር መሻገሩ አይቀርም።

የመንግሥት ድርሻም ቀላል አይደለም። ከሚዛን ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማጂ ደግሞ ከሚዛንም ያልፋል። ለአንድ ማኅተም የሚወጣው የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ ከገበሬው የለቀማ ገቢ ላይ ይቆረጣል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሰነዱ ምን እንደጎደለው በጽሑፍ ለይተው ቢነግሩ፣ የአስተዳደር ስም ለውጡን የሚያስረዳ ደብዳቤ ሳያንገላቱ ቢሰጡ፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያም አንዱን ስም በአንድ አጻጻፍ ቢያጸና፣ ግማሹ ምልልስ ይቀር ነበር። ማረጋገጫው የሚያስፈልገው ሐሰተኛው ወረቀት እንዳያልፍ ነው፤ እውነተኛ ሐዘን ይዛ የመጣችው እናት ግን በሩ ላይ መቅረት የለባትም።