ናቹራል የሚገባው ማን ነው?

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ቢቸናም ይሁን ሞጣ፣ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ የገጠር ልጅ ከመጽሐፍ በፊት የሚፈልገው የኪራይ ቤት ነው። ከቀበሌው ተመላልሶ መማር ስለማይችል ካገሩ ልጆች ጋር በደባል አንዲት ክፍል ይከራያል፤ እንጀራው፣ ሽሮው፣ በርበሬው በገበያ ቀን ከቤተሰብ ይመጣለታል።

ወንድምና እህት አብረው ሲከራዩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከትምህርት ቤት እኩል ይመለሳሉ። እሱ ደብተሩን ይዘረጋል፤ እሷ ጀሪካን ይዛ ቦኖ ትሰለፋለች፣ ከሰል ታያይዛለች፣ ወጥ ትሠራለች፤ ቅዳሜ የሱንም ልብስ የምታጥበው እሷው ናት። የሒሳብ የቤት ሥራዋን ስትጀምር መሽቷል፣ ደክሟታልም። ሁለት ዓመት እንዲህ ከርመው 11ኛ ክፍል ሲገቡ «ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ወይስ ሶሻል (የማኅበራዊ ሳይንስ)?» ይባላሉ። እሷ ሶሻል ትሞላለች። መዝገቡ ላይ «ምርጫዋ ነው» ተብሎ ይቀራል። ይህን ምርጫ ብሎ መጥራት ለእኔ ይከብደኛል።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ከወሰነ ዓመታት አልፈዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን ተገላቢጦሹን አሳየን፤ በአገር አቀፍ ደረጃ 556,878 ተማሪዎች ሶሻል ሲፈተኑ፣ ናቹራል የተፈተኑት 339,642 ነበሩ። ሶሻል ይቀላል ተብሎ ቢገባበትም አልቀለለም። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከናቹራል 6.8 በመቶ፣ ከሶሻል 1.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ሒሳብና አፕቲትዩድ እኮ ሶሻልም ላይ አሉ! በዘጠነኛ ክፍል ያመለጠ ሒሳብ እዚያም ድረስ ተከትሎ ይመጣል።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልሉ ጦርነት ተጨመረበት። የቻለ ወላጅ ልጁን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሰደደ፤ ያልቻለው ልጁን ከብት ኋላ አስቀረ፣ ሴት ልጁንም ዳረ።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን የሚገቡበት በፈተና ነጥረው የወጡት ናቸው። እኔ የምጠይቀው ለቀሩት ነው። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ውኃና መብራት ያለው፣ ምግብ የሚበሰልበት፣ ማታ አስጠኚ መምህር የሚገኝበት የገጠር ሴት ተማሪዎች ማደሪያ ይሠራ። ትምህርት ቤቶቹም በየመስከረሙ ናቹራል ከገቡት ስንቱ ሴት፣ ስንቱ የገጠር ልጅ እንደሆነ ቆጥረው በወላጆች ስብሰባ ላይ ያንብቡልን።