ስለ ነርሶች መምረጫ ፈተና

ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ሐኪሙ የሚጎበኘው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሌሊቱን ሁሉ በአጠገቡ ሆኖ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው፥ ቁስሉን የሚያጥበው፥ ትኩሳቱን የሚለካው ግን ነርስ ነው። እንግዲህ ለዚህ ሥራ የሚታጨው ወጣት በምን ተመርጦ ይግባ የሚለው ጥያቄ የትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ነፍስ ጉዳይ መሆኑ ግልጥ ነው።

ዛሬ በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያው በር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው እንዲፈተኑ ከተደረገ ወዲህ ግማሹን ነጥብ ያገኙት በዚያው ዓመት ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ቢያሳዝንም የፈተናው ጥብቅነት የሚነቀፍ አይደለም። የመድኃኒትን ልክ አስልቶ የማያውቅ ነርስ በአንዲት ነጥብ ስሕተት ሰው ይገድላልና።

ነገር ግን ፈተናው የሚመሰክረው ለሚችለው ነገር ብቻ ነው። ንባብንና ስሌትን ይመዝናል፤ ትዕግሥትን፥ የእጅን ጥንቃቄ፥ ከገጠር የመጣች እናት ሕመሟን በጉራግኛ ስትናገር አድምጦ የመረዳትን ችሎታ አይመዝንም። ደግሞም በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከ1,100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ ስንኳ አላሳለፉም፤ ይህም የተማሪውን ስንፍና ብቻ ሳይሆን የተማረበትን ቤት ድህነት ያሳያል።

አባቶቻችን ሊቃውንት ድጓ የተማረውን ደቀ መዝሙር በአንድ ቀን ንባብ መምህር አይሉትም። ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ፥ መጽሐፉን ከነምልክቱ እያረመ፥ በመምህሩ ፊት ቆይቶ ነው የሚመሰከርለት። በዚያ ቆይታ ዕውቀቱ ብቻ ሳይሆን ጠባዩም ይታያል።

ስለዚህ የመግቢያው ነጥብ የነርሱን የወደፊት ሥራ ምን ያህል እንደሚያመለክት በግምት ሳይሆን በመዝገብ ሊታወቅ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከምረቃም በኋላ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። የእያንዳንዱ ተማሪ የመግቢያ ነጥብ፥ በሕሙማን አልጋ አጠገብ ያስተማሩት መምህራን ምስክርነትና እነዚህ ሁለት ውጤቶች በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን ይጻፉ። በፈተናው የተመረጡት ነጥባቸው የተቀራረበ ስለሆነ በመካከላቸው ብዙ ልዩነት ባይታይ ፈተናው ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ በር ላይ የቀሩት አልተቆጠሩምና። ግማሹን ነጥብ ሳያገኙ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት አልፈው የገቡት ተማሪዎች ግን ለዚህ ምርመራ ትልቅ ማስረጃ ይሆናሉ።

እንዲህ ያለው ትዕግሥት ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1979 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ በ10 ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን መመዝገብ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ስለ ሕፃናትና ስለ እናቶች ጤና የታወቀ ዕውቀት አስገኝቷል። የሞተውን በትጋት የቆጠረ አገር የሚያድነውን ወጣት መከታተል አያቅተውም።

እስከዚያው ግን ፈተናውን ያለፈው ተማሪ ነርስነት ከመመደቡ በፊት በወልቂጤና በቡታጅራ ሆስፒታሎች ጥቂት ሳምንት ከሕሙማን ጋር ሆኖ ቢታይ፥ በቃልም ቢጠየቅ መልካም ነው። ብዙ ሰው የቃል ጥያቄን የሚፈራው ዝምድናና አማላጅ እንዳይገባበት ነው፤ ፍርሃቱም እውነት አለው። ስለሆነም ጥያቄው ለሁሉ አንድ ይሁን፤ ጠያቂዎቹ ከሁለት አይነሱ፤ እያንዳንዱም ሳይመካከር ነጥቡን በጽሑፍ ያኑር።

የትምህርትና የጤና ሚኒስቴሮች ሹማምንት ይህን ሥርዓት እንዲያቆሙ፥ ካህናትም ለምእመናን ልጆች ነርስነት የተከበረ አገልግሎት መሆኑን እንዲያስተምሩ እናሳስባለን። ፈተና በሩን ይጠብቅ፤ ምስክርነቱን ግን ሥራው ይስጥ።